ለአምሳሉ ያልተነፋው ትራምፔት

ባለፈው ወር ረድኤት የምትባል ወጣት የትራምፔቷን ሳጥን ፊቴ ስትከፍተው የወጣው ሽታ አርባ ዓመት ምናምን ወደኋላ ጎትቶ ወሰደኝ። በጣት የሚጫኑት የፒስተኖቹ ዘይት፣ የነሐስ፣ ትንሽም የምራቅ ሽታ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ሽታ አይደለም። ግን እኔ በጉብዝናዬ ዘመን፣ የጭነት መኪና ላይ የቡና ጆንያ ተንተርሼ፣ ከእንዲህ ያለ ሳጥን አጠገብ ስንት ጊዜ እንደተኛሁ እግዜር ይቁጠረው። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር አይታ «ጋሽ ንጉሤ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ጭስ ገባብኝ» አልኳት። የተቀመጥነው ሆቴሏ በረንዳ ላይ ነበር፤ ጭስ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። ጨዋ ልጅ ናት፣ እንዳመነች ሆነች።

ረድኤት አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ጃዝ የምትጫወት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት። ለእኔ ከሃምሳ በታች ያለ ሁሉ ልጅ ነው። የመጣችው የእኛን አምሳሉን ለማስታወስ ነው። የእሱን ዜማዎች በአዲስ መልክ ቀርጻ፣ አራት ጓደኞቿን በሚኒባስ ይዛ፣ እሱ በተጫወተባቸው ከተሞች እየዞረች ታቀርባለች። ድሬዳዋና ሂርናን ጨርሳ ቅዳሜ ማታ በጭሮ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ልታቀርብ ነበር፤ ከዚያ መቻራ፣ ከዚያ ቦርደዴ። አምሳሉን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። የምታውቀው አባቷ ትተውላት ባለፉት አንዲት ትንሽ ሸክላ ነው። በሸክላዋ አንድ ገጽ ላይ «የሂርና መንገድ» የምትባል፣ ዘፋኝ የሌለባት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራች ዜማ አለች። በእሷ ላይ ድራሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ይህን ስነግራት ብድግ ብላ እጄን ሳመችው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስለ ድራም ተብሎ እጄ ሲሳም የመጀመሪያዬ ነው።

ያኔ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ነበረች። አሁንም አፌ ላይ የሚቀድመኝ እሱ ስም ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ይስቁብኛል። ከላይኛው ዳገት እስከ ጫት ተራ አንድ ሲጋራ ሳታልቅ ትደርሳለህ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ከነብስኩቱ ስሙኒ ከሰጠህ መልስ ይመጣልሃል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ጫማችን ባለ ወፍራም ታኮ፣ ሸሚዛችን በድሬዳዋ በኩል ተደብቆ የሚገባ ናይለን። ያ ናይለን ለዓይን ነው እንጂ ለገላ አይሆንም፤ ሁለት ዘፈን ሳንጨርስ ጀርባችን ላይ ይጣበቃል። አምሳሉ ብቻ ነጭ ኮት ነበረው። አንድ ነው ያለው። ቅዳሜ ይለብሰዋል፣ እሑድ ያጥበዋል፣ ሰኞ የሠፈሩ ሰው ገመድ ላይ ተሰቅሎ ያየዋል። በማዘጋጃ ቤቱ ክበብ የምንጫወት አምስት ሰዎች ነበርን፤ አምሳሉ ትራምፔት፣ እኔ ድራም፣ አኮርዲዮን፣ ጊታርና አንድ ዘፋኝ። ዘፋኙ ሲያመሽ ግጥም ይጠፋውና «ላ ላ ላ» እያለ ይጨርሳል። ደግነቱ ሕዝቡም በዚያ ሰዓት ግጥም አይሰማም።

አምሳሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ ትንሽ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። በዚህ አገር ተወልዶ፣ በዚህ አገር አድጎ፣ የመጫወቻው ቀን ሲሆን ጫት በአፉ አይዞርም። ከንፈር ያደርቃል ይላል። በርጫ ላይ ከሰው ጋር ቁጭ ይላል፣ ያጫውታል፣ ለውዝ ይቆረጥማል፤ ቅጠሉን ግን አይነካም። በአሰበ ተፈሪ ደግሞ በርጫ ላይ ተቀምጦ የማይቅም ሰው ነገር ሊያዳምጥ የመጣ ይመስላል። አንዴ ገለምሶ ላይ ሰላይ ነው ብለው ሊያስወጡት ሲሉ ትራምፔቱን አውጥቶ አንድ ዜማ አሰማቸው። ከዚያ በኋላ «ይሄንማ ማንም አይልክም» ብለው ተዉት። እኔ እስከ ዛሬ ምስጋና ይሁን ስድብ አላወቅሁም።

«የሂርና መንገድ» የተፈጠረችው ሂርና ሠርግ አጅበን ስንመለስ ነው። ማለዳ፣ ጉም መንገዱን ሞልቶት፣ የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማ አልያዘም፤ የያዘ ሾፌርም አይቼ አላውቅም። ብርዱ አጥንት ይገባል። አምሳሉ ከንፈሩ እንዳይደርቅበት ብሎ ዝግ ብሎ መንፋት ጀመረ። አራት ድምፅ ወደ ላይ፣ ከዚያ መጨረሻዋን ዝቅ አድርጎ መለጠጥ። ገበሬዎች ከጫት ማሳቸው ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። እኔ ጀሪካን ገልብጬ በጣቴ ተቀበልኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጎማው መጥቶ ተገጥሞ መኪናው ሲነሳ አምሳሉም አብሮ ፈጠነ፤ ያቺው ዜማ የጭፈራ ሆነች። ቀርፋፋው መጀመሪያ፣ ጭፈራው ኋላ፤ ሁለት ክፍል ኖራት ማለት ነው። ከሚኤሶ በባቡር አዲስ አበባ ሄደን ያስቀረጽናትም እንደዚያው ነው። ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ነበር። የጫማዬ ታኮ እየጮኸ አስቸግሮ ባዶ እግሬን ነው የመታሁት። ይህንንም ለረድኤት ስነግራት በደብተሯ ጻፈችው።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። የጊዜውን ነገር ሆድ ይፍጀው፤ እኔ ፖለቲካ ላወራ አልተነሳሁም። ክበቡ ተዘጋ፣ ዘፋኙ ሄደ፣ አኮርዲዮኑ ተሸጠ። እኔ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አምሳሉ የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆመ። ትራምፔቱን አልሸጠም። ድሬዳዋ ያለችው እህቱ «ሽጠውና ጣሪያህን አስጠግን» ስትለው «ጣሪያው ሲያፈስ እኮ የሚያጫውተኝ እሱ ነው» ይላታል።

የሠፈራችን እድር ጸሐፊም እኔ ነበርኩ። ክርስቲያንም እስላምም ያለበት፣ ድንኳኑን በጋራ የገዛን እድር ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ በየመስቀለኛው መንገድ እየቆሙ ጥሩንባ የሚነፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ሲረግፍ የሚነፉት ነገር እንደ ቀበሮ ጩኸት ሆነ። ልጆች ይፈራሉ፣ ውሻ ይጮኻል። አንድ ቀን ሽማግሌው ታመው ሳለ የጎረቤታችን እናት አረፉ። አምሳሉን «በል እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ» አልኩት። ነጭ ኮቱን ለብሶ ወጣ። «ለቀብር ነጭ ይለበሳል እንዴ?» ስለው «ሌላ የለኝማ» አለኝ። የነፋው ያቺን የ«ሂርና መንገድ» መጀመሪያ ነበር። አራቷን ድምፅና ዝቅ ብላ የምትለጠጠዋን ብቻ። በሩን ከፍቶ ያልወጣ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀረ፤ ሃያ ዓመት ነፋ። ከሦስት ሠፈር ርቀት ይሰማል፤ ሰው ገና ስም ሳይጠራ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። እንዲህ ከተነፋልኝስ ብሞትም ግዴለኝ የሚሉ ቀልደኞችም ነበሩ። ዜማዋ ከሠርግ መልስ መንገድ ላይ የተወለደች፣ ኋላዋ ጭፈራ ያለባት መሆኑን ግን ማንም አላወቀም። እሱም አልተናገረም። አንዴ ብቻ «ንጉሤ፣ እነዚህ ሰዎች ግማሿን ብቻ ነው እኮ የሚያውቋት» ብሎኝ ሳቀ።

እንግዲህ አሁን የምጽፈውን እስካለፈው ወር ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። አምሳሉ ሳንባው ታመመ። አልጋ ላይ ሆኖ አስጠራኝና «የእኔ ቀን ሲደርስ ማን ይነፋል?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ «አንተ ትነፋለህ» አለኝ። «እኔ ድራም መቺ ነኝ» ስለው «ድራም መቺ ከንፈር የለውም እንዴ?» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አስተማረኝ። አራቷን ድምፅ ብቻ። ሁለቱ ይወጡልኛል፣ ሦስተኛዋ ትንቀጠቀጣለች፣ አራተኛዋ አንዳንዴ ትወጣለች፣ አንዳንዴ ትሰነጠቃለች። እሱ እየሳቀ ያስለዋል፤ እያሳለው ይስቃል። «ብትሰነጠቅም ግዴለም። ብቻ ሰው አይናገርልኝ፣ እሷ ትናገርልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። እጁን ይዤ ነው እሺ ያልኩት።

ያረፈ ቀን ጎህ ሳይቀድ ኮቴን ለብሼ፣ ትራምፔቱን ይዤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆምኩ። አፌ ላይ አደረግኩት። ከዚያ አሰብኩ። እኔ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነኝ፣ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ አገር የሚያውቀኝ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት አምሳሉን የሰማ ጆሮ የእኔን ስንጥቅ ድምፅ ሲሰማ ምን ይላል? ይስቃል። በለቅሶ ቀን ይስቁብኛል አልኩ። አወረድኩት። እንደገና አነሳሁት። እንደገና አወረድኩት። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ ለእድሩ ሊቀመንበር «ፒስተኑ ደርቋል፣ አልሠራ አለኝ» ብዬ ዋሸሁ። በድምፅ ማጉያ በመኪና እየዞሩ ተናገሩለት። «አቶ አምሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ» ሲል ማጉያው ይንጫጫል፤ ግማሹ ሰው የምርጫ ቅስቀሳ መስሎት አልወጣም። ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ለስንቱ ነፍቶ አገር ያስወጣ ሰው እንደዚያ ተቀበረ። ትራምፔቱን እህቱ ወሰደችው። እኔ አላለቀስኩም፤ ለቅሶ ቤትም ከሩቅ ነው የተቀመጥኩት። በምን ዓይኔ? ሰው «እግዜር ያጽናህ» ሊለኝ ሲመጣ ወንበር አነሳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እሸሻለሁ።

ረድኤት በረንዳው ላይ «ሙዚቃውን ካቆመ በኋላ ጨርሶ አልነፋም?» ብላ ጠየቀችኝ። የእድሩን ነገር ካነሳሁ ስለ ቀብሩ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ቀብሩ ከጠየቀችኝ ደግሞ ያ ውሸት አለ። «ጨርሶ» አልኳት። «ጊዜው አልሆነለትም።» ጻፈችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም ሆኜ ያንን ውሸት ይዤው ኖርኩ።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ እንዴት እንደ ሞላ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የምጽፈው የዚያኑ ቀን ማለዳ ነው። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ጠዋት ከንፈሩን ማሟሟቅ አለበት። ረድኤትም የሆቴሉን እንግዶች እንዳልቀሰቅስ ብላ፣ አሳቢ ናትና፣ ሰገነቱ ላይ ወጣች። አሰበ ተፈሪ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ተራራ ነው። ሰገነት ላይ የተነፋ ነገር ተራራው መልሶ ይሰጥሃል። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ያቺን የ«ሂርና መንገድ» መጀመሪያ፣ አራቷን ድምፅና የምትለጠጠዋን፣ ከሸክላው እንዳጠናችው አድርጋ ነፋችው። ደግማ ነፋችው። ሦስተኛም ነፋችው።

እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ተነሳ። ማን ይሆን እያልኩ ጋቢዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ስደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ነጠላ የዘቀዘቀች፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጫማ አቀያይሮ ያደረገ። ጫት ጫኞቹ አይሱዙውን አቁመው ወርደዋል። «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ነው የሞተው?» ይባባላሉ። ድምፁን ተከትለን ተከትለን ሆቴሉ ደጅ ደረስን። ወጣቶቹ የአምሳሉን ድምፅ አያውቁትም፤ እናታቸው ስትወጣ አይተው ነው የወጡት። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በፒጃማ ወጥቶ «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው፣ ሙዚቃ!» ይላል። ማን ይሰማዋል?

ረድኤት ትራምፔቷን እንደያዘች ወርዳ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ስታይ ወደ እኔ ሮጠች። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? ምን አደረግኩ?» አለችኝ። ማልቀስ ጀምራለች። ሰዉም ወደ እኔ ዞረ። አሁንም የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

አዴ ሐሊማ ከፊት ነበረች። አዴ ሐሊማ መስቀለኛው መንገድ ላይ ለጫት ጫኞች ሆጃ፣ የቡና ገለባ በወተት አፍልታ፣ የምትሸጥ የዕድሜ እኩያዬ ናት። «ንጉሤ፣ ማን ነው?» አለችኝ።

ልጅቷ ተሳስታ ነው ብል ያልቅ ነበር። ሰዉም አጉረምርሞ ይሄዳል፣ እሷም ይቅርታ ጠይቃ ትገባለች። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«አምሳሉ ነው» አልኩ።

«ወላሂ አበድክ! አምሳሉ ከሞተ ስንት ዘመኑ?»

«አልተነፋለትም ነበር» አልኩ። «ዛሬ ነው የተነፋለት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፒስተኑ አልደረቀም አልኩ። ንፋልኝ ብሎኝ፣ አስተምሮኝ፣ እሺ ብዬው ነበር አልኩ። እንዳትስቁብኝ ፈርቼ ነው አልኩ። ይህቺ ልጅ አላጠፋችም፣ ስለ እድሩ የደበቅኳት እኔ ነኝ፣ ያስወጣኋችሁም እኔ ነኝ አልኩ። 

«አይቼሃለሁ እኮ» አለች አዴ ሐሊማ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን። ሆጃዬን ጥጄ በሬ ላይ ነበርኩ። ኮትህን ለብሰህ፣ ያን ነገር አፍህ ላይ አድርገህ ስታወርደው አየሁህ። አሁን ይነፋል፣ አሁን ይነፋል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩህ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ» አለች። ከዚያ ወደ ረድኤት ዞራ «ስጪው፣ ልጄ። ይንፋ» አለቻት።

ረድኤት አፍ ማድረጊያውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ነፋሁ። የመጀመሪያዋ ወጣች። ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋ እንደ ድሮዋ ተንቀጠቀጠች። አራተኛዋ ተሰነጠቀች፤ የታመመ አህያ ድምፅ ወጣ። አዴ ሐሊማ አፏን በሻሿ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ግን መሳቋን ይናገራል። ከኋላ ጫት ጫኞቹ ፈነዱ። ከዚያ ያ ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሳቀ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ደረሰብኝ። በለቅሶ ሰዓት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ሳቁብኝ። ስቀው ዝም አሉ፤ ሌላ ምንም አልመጣም። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ዓመት? እኔም መሳቅ ጀምሬ መሀል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። ጋቢዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አምሳሉን አለቀስኩት።

ማንም ዝም በል አላለኝም። አንዱ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ በዚህ አገር ሰው ሲሞትበት ለወዳጅ የሚደረገውን አደረጉልኝ። ተራ በተራ እየመጡ እጄን ያዙ። «እግዜር ያጽናህ፣ ጋሽ ንጉሤ» አለኝ ክርስቲያኑ። «አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ» አለኝ እስላሙ። ጫት ጫኞቹም፣ አምሳሉን የማያውቁት፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው መጡ። ዛሬ ወንበር አላነሳሁም፣ ውሃ አልቀዳሁም፤ ተቀምጬ የሁሉንም እጅ ያዝኩ። መጨረሻ ላይ ረድኤት ትራምፔቷን በግራ እጇ ይዛ፣ ሰልፉን ጠብቃ መጣች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለችኝ።

«አሜን፣ ልጄ» አልኳት።